ፒካሶን ማን አስተማረው? «ሳይማር ሣለ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ቻናሎችና በፌስቡክ ገጾች ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ከላዩ ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። በግራ በኩል ፓብሎ ፒካሶ በ1896 ራሱን የሣለበት፣ ፀጉሩ የተንጨባረረው የዘይት ቀለም ሥዕል አለ፤ በቀኝ ደግሞ በ1972 የሠራው ዓይኑ የፈጠጠ ፊት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው ከሁለቱ ምስሎች ተነሥተው አምስት ነገር ይላሉ።

አንደኛ፣ ልጁ ማንም ሳያስተምረው በተፈጥሮ ችሎታው ብቻ እንዲህ ሣለ። ሁለተኛ፣ ማስረጃው የባርሴሎናን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የአንድ ወር ፈተና በአንድ ቀን መጨረሱ፣ አባቱም በልጁ ሥራ ተሸንፈው ብሩሻቸውን ማስረከባቸው ነው። ሦስተኛ፣ የ1896ቱ ሥዕል ከፎቶግራፍ የማይለይ፣ እንከን የለሽ ሥራ ነው። አራተኛ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ለገንዘብ ሲባል የተሄደበት ቁልቁለት ነው። አምስተኛ፣ ስለዚህ ልጆቻችንን በእርሳስና በከሰል ንድፍ ከማሰልቸት መስታወትና ዘይት ቀለም ሰጥተን ብንለቃቸው ይሻላል። ለዚህም አሠራር ሰጥተዋል፦ ሸራውን በሙሉ በጥቁር ቀለም መቀባት፣ ማሳደር፣ በማግስቱ ፊቱን በነጭና በቀይ መሣል፣ ሲያልቅ ቫርኒሽ መቀባት።

ጽሑፉ ጥሩ አማርኛ አለው፣ ለሥዕል ያለው ፍቅርም አያጠራጥርም። እኔም የመጨረሻው ምክር ባይኖርበት ኖሮ ዝም ብዬ ባለፍኩት ነበር። ምክሩን ተከትሎ ሸራና ቀለም የሚገዛ ወላጅ ግን ገንዘቡን ያጣል፣ ልጁም «እኔ ተሰጥኦ የለኝም» ብሎ ብሩሹን ይጥላል። ስለዚህ በተራ እንሂድ።

«ማንም ሳያስተምረው» የሚለው ከሁሉም የሚገርመው ነው፤ ምክንያቱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስፔን ውስጥ እንደዚህ ልጅ በሥርዓት የተማረ ሰዓሊ ማግኘት ይከብዳል። አባቱ ሆሴ ሩይስ ብላስኮ ርግብ በመሣል የሚታወቁ ሰዓሊ፣ በማላጋ ከተማ ደግሞ የሥዕል መምህር ነበሩ። በ1891 ቤተሰቡ ወደ ላ ኮሩኛ ሲዛወር አባት በዚያው ከተማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ፤ ልጁም በ1892 እዚያው ተመዘገበ። የጌጥ ንድፍ፣ ቀጥሎ የሰው አካል ንድፍ፣ ቀጥሎ ከጀሶ ምስል መሣል፦ ደረጃው በመላው አውሮፓ ተመሳሳይ ነበር። በ1895 አባት ባርሴሎና ወዳለው ላ ሎትጃ ትምህርት ቤት ሲቀየሩ ልጁም ተከተለ። እንግዲህ ራሱን በሣለበት በ1896 ከቤት ትምህርቱ ሌላ አራት ዓመት የሚጠጋ መደበኛ ትምህርት ነበረው። ቅኔ ቤት ውስጥ ያደገ የመሪጌታ ልጅ በ14 ዓመቱ ቅኔ ቢዘርፍ እናደንቀዋለን፤ «ማንም ሳያስተምረው» ግን አንልም።

ትምህርቱ ወሬ ብቻ አይደለም፣ ወረቀቱ አለ። በላ ኮሩኛ ዘመኑ በከሰል የሣላቸው የጀሶ እግር፣ ክንድና ደረት ጥናቶች ዛሬም በባርሴሎናና በፓሪስ የፒካሶ ሙዚየሞች ይገኛሉ። ጀሶ ለምን ተመረጠ ቢባል፣ መላ አካሉ ነጭ ስለሆነ ነው። ተማሪው «ይህ ቀይ ነው፣ ያ ቡናማ ነው» በሚል ግራ መጋባት ውስጥ ሳይገባ ብርሃን የት እንደሚያልቅና ጥላ የት እንደሚጀምር ብቻ ያያል። አንድ የጀሶ እግር ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፤ ከሰሉ ይጫናል፣ በዳቦ ፍርፋሪ ይነሣል፣ እንደገና ይጫናል። የ1896ቱን ፊት የሚያቆመው የብርሃንና የጥላ ድንበር የተገኘው ከዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። በዚያው ክፍል፣ በእነዚያው መምህራን ሥር ብዙ ልጆች ተምረዋል፤ ፒካሶ የሆነው አንዱ ነው። ተሰጥኦ የሚባል ነገር አለ። ጥያቄው ሥዕሉ የሚያሳየን የቱን ነው የሚለው ነው።

ወደ ፈተናው ታሪክ እናምራ። የአንድ ወር ፈተና በአንድ ቀን የሚለውን ጸሐፊው አልፈጠሩትም፤ ወዳጆቹና የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ለዓመታት ሲደጋግሙት ኖረዋል፣ ስለዚህ ቢያምኑት አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ከፈተናው የተረፉት የሰው አካል ንድፎች ሴፕቴምበር 25 እና ሴፕቴምበር 30፣ 1895 የሚል ቀን ሰፍሮባቸዋል። ሁለት ቀን፣ በመካከሉም አምስት ቀን። ለ13 ዓመት ልጅ ይህም ቢሆን የሚደነቅ ፍጥነት ነው፤ «በአንድ ቀን» ግን አይደለም። አባቱም በዚያው ትምህርት ቤት መምህር እንደነበሩ አንርሳ። ልጁ ምን እንደሚጠየቅ ሳያውቅ የገባ እንግዳ አልነበረም።

የብሩሹ ርክክብም እንዲሁ ነው። ታሪኩ እንደሚለው አባት የጀመሩትን የርግብ ሥዕል እግሮች ልጁ ጨረሰላቸው፤ እሳቸውም አይተው የቀለም ሰሌዳቸውንና ብሩሻቸውን ሰጡት፣ ዳግመኛም አልሣሉም። የሚያምር ታሪክ ነው፤ ችግሩ አባት ከዚያ በኋላም መሣላቸው ነው። ይልቅስ እውነተኛው ታሪክ ከአፈ ታሪኩ ይበልጣል። አባት አላስረከቡም፣ አብረው ሠሩ። በ1896 በባርሴሎና ካሌ ዴ ላ ፕላታ ላይ ለልጁ የሥራ ክፍል ተከራዩለት። በ1897 መጀመሪያ «ሳይንስና በጎ አድራጎት» የሚባለውን 197 በ249.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግዙፍ ሸራ ሲሠራ፣ በሽተኛዋን የሚመረምረው ሐኪም ሆነው የተቀመጡት አባት ናቸው። ያ ሥዕል በማድሪድ ብሔራዊ ኤግዚቢሽን የክብር ምስክር ወረቀት አገኘ። በዚያው ኤግዚቢሽን ላይ ግን አንድ ተቺ የበሽተኛዋ እጅ ጓንት ይመስላል ብሎ ቀለደበት፤ እጁን ላየው ሰው ቀልዱ ያለ ምክንያት አይደለም። እንከን የለሽ የተባለው ልጅ ከራሱ ምስል ከአንድ ዓመት በኋላም እጅ እያስቸገረው ነበር ማለት ነው። እጅ ሁሉንም ያስቸግራል።

አሁን ወደ ሥዕሉ ራሱ። «ከፎቶግራፍ የማይለይ» የሚለው ፍርድ የመጣው ከስልክ ስክሪን ይመስለኛል። ሥዕሉ 32.7 በ23.6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከኤ ፎር ወረቀት ጥቂት ይበልጣል። የስልክ ስክሪን ስፋት ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ምስሉ ከሲሶ በታች ተጨምቆ ይታያል። በዚያ መጠን የማንም ብሩሽ ምልክት ይጠፋል፣ ሸካራው ይለሰልሳል፣ እውነተኛውን ሰው ያየን ይመስለናል። ምስሉን አስፍታችሁ እዩት። ፀጉሩ አንድ በአንድ አልተሣለም፤ በጥቂት ሰፋፊ ጭረቶች የተጣለ ጥቁር ክምር ነው። ኮቱ ከጀርባው ቡናማ ጋር ሊዋሃድ ምንም አልቀረውም። ቁልፍ የለም፣ የጨርቅ እጥፋት የለም፣ እጅ ደግሞ ጭራሽ የለም (ብልህ ልጅ!)። ጥንቃቄው ሁሉ ያለው በግንባሩ፣ በአፍንጫው ሸንተረርና በጉንጩ ላይ ብርሃን ባረፈበት ቦታ ነው። በጥላው በኩል ያለው ዓይን ከታየው ይልቅ የተገመተው ይበልጣል።

ይህ ጉድለት አይደለም፤ የሥዕሉ ጥበብ እዚህ ነው። ፎቶግራፍ ቁልፉንም ዓይኑንም በእኩል ይመዘግባል። እዚህ የሚታየው የመተው ችሎታ ነው፦ የትኛው ቦታ ይገለጥ፣ የትኛው ይደፈን። ይህንንም አልፈጠረውም፤ ከስፔን የቆየ ባህል ወርሶታል። በ1895 ክረምት ወደ ባርሴሎና ከመሄዳቸው በፊት አባቱ ማድሪድ ላይ ወደ ፕራዶ ሙዚየም ወስደውታል። በኋላም ማድሪድ በተማረበት ዘመን ስፔናዊው ሰዓሊ ቬላስኬዝ የሣለውን የንጉሥ ፊሊፕ አራተኛን መልክ እዚያው ቁጭ ብሎ ገልብጧል። ጠቆር ያለ ዳራ፣ ከአንድ ወገን የሚመጣ ብርሃን፣ ስስ ጥላና ወፍራም ብርሃን የዚያ ቤት ቋንቋ ነው።

በነገራችን ላይ በጽሑፉ ላይ ልጁ ሥዕሉን የሠራው «በ15 ዓመቱ» ነው መባሉ እርግጠኛ አይደለም። ፒካሶ የተወለደው ኦክቶበር 25፣ 1881 ነው፤ ስለዚህ የ1896ን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፈው በ14 ዓመቱ ነው። ይህ ስሕተት የሚጎዳው የጸሐፊውን የራሳቸውን ክርክር ስለሆነ በነፃ አርሜላቸዋለሁ።

«ቁልቁለት» ስለተባለው አጭር ልሁን። ጎን ለጎን የተለጠፉት ሁለት ምስሎች አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። የ1896ቱ በሸራ ላይ የተሠራ ዘይት ቀለም ነው፤ የጁን 30፣ 1972ቱ ግን በወረቀት ላይ በክሬዮን የተጫረ ነው። ከ76 ዓመት ልዩነት በተጨማሪ ቁሳቁሱ ራሱ ሌላ ነው። «ለገንዘብ» ለሚለውም የጊዜ ቅደም ተከተሉ አይመችም። በ1890ዎቹ ስፔን ውስጥ ሜዳሊያና ገዢ የሚያስገኘው «ሳይንስና በጎ አድራጎት»ን የመሰለ ሥራ ነበር፤ እሱ ያንን መንገድ ትቶ ከ1901 እስከ 1904 የቆየውን ሰማያዊ ዘመኑን (ሥዕሎቹ ሰማያዊ ቀለም የበዛባቸውን ጊዜ) በድህነት አሳለፈ። ዓለምን ያናወጠው የ1907ቱ «የአቪኞን ወጣት ሴቶች» ለሕዝብ የታየው በ1916 ነው፤ የተሸጠውም በ1924። ገንዘብ ፈላጊ 17 ዓመት አይጠብቅም። መልክ አስመስሎ መሣሉንም አልረሳም፤ በ1918 ሚስቱን ኦልጋን ወንበር ላይ አስቀምጦ የሣላትን ያየ ይህን አይጠራጠርም። በስተርጅናው እጅግ ሀብታም መሆኑ፣ ከመጨረሻ ዘመን ሥራዎቹም ጥድፊያ የሚታይባቸው መኖራቸው እውነት ነው። በዚህ አልከራከርም።

የቀረው ምክሩ ነው፤ እዚህ ላይ ዘርዘር ማለት አለብኝ።

ሸራውን በሙሉ በጥቁር መቀባትና ማሳደር ከተባለው እንጀምር። ዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። ውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው፤ ፍጥነቱም እንደ ቀለሙ ይለያያል። አምበር የሚባለው ቡናማ የአፈር ቀለም ማንጋኒዝ ስላለው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሲነኩት እጅ አያቆሽሽም። ከተቃጠለ አጥንት የሚሠራው ጥቁር ግን ብዙ ዘይት ይጠጣል፣ ከሁሉም ቀለማት ዘግይተው ከሚደርቁት አንዱ ነው፤ ወፍራም ከሆነ ሳምንትም አይበቃው። በማግስቱ ነጭና ቀይ ሲጨመርበት ጥቁሩ ከሥር ይነሣና ፊቱ የአመድ ቀለም ይይዛል። ልጁ ነጭ ይጨምራል፤ ፊቱ ይነጣል እንጂ አይሞቅም። ላዩ ቆዳ እስኪያበጅ ቢጠበቅ እንኳ ከላይ የተቀባው ቀድሞ ይደርቃል፣ የሥሩ ገና ይንቀሳቀሳል፤ ከወራት በኋላ ፊቱ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል። ሌላም መዘዝ አለ፦ ዘይት ቀለም በዓመታት ውስጥ እያሳለፈ ስለሚሄድ የሥሩ ጥቁር ወደ ላይ ይወጣል፣ ሥዕሉም እየጨለመ ይመጣል።

የዚያን ዘመን ተማሪ የሚሠራው በተቃራኒው ነበር። ቡናማ ዳራ ሲፈለግ የአተር ፍሬ ያህል አምበር በአንድ የሻይ ማንኪያ ተርፔንታይን ይቀጠናል፣ በሸራው ላይ ይለቀለቃል፣ ወዲያው በጨርቅ ይጠረጋል፤ የሻይ ቀለም ያህል ነጠላ ብቻ ይቀራል። ይህ በማግስቱ ደረቅ ነው። ቤት ቀቢዎች አኳራጅ የሚሉት ማቅጠኛ በተርፔንታይን ቦታ ባይገባ ይመረጣል፤ ጥራቱ ከጣሳ ጣሳ ይለያያል፣ አንዳንዱም ቅባት ትቶ ይሄዳል።

ከዚያ በፊት ግን ሸራው ራሱ አለ። ጽሑፉ ስለ ሸራ ዝግጅት አንድ ቃል አይናገርም። ዘይት በቀጥታ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ቃጫውን እያቃጠለ ያበሰብሰዋል። አቡጀዲም ሆነ ተልባ ጨርቅ በእንጨት ፍሬም ላይ ከተወጠረ በኋላ ዘይቱ እንዳይነካው መሸፈን አለበት፦ ድሮ በቆዳ ሙጫና በነጭ ቅብ፣ ዛሬ ሁለት ወይም ሦስት እጅ በሚቀባ የአክሪሊክ ነጭ ማዘጋጃ። የመጨረሻው እጅ ከተቀባ በኋላ ሦስት ቀን ቢቆይ ጥሩ ነው። 33 በ24 ሴንቲ ሜትር ለጀማሪ የሚመች መጠን ነው፤ ፈረንሳዮች ለመልክ ሥዕል «ቁጥር 4» ብለው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ልክ አላቸው፣ የ1896ቱም ሥዕል ከዚያ እምብዛም አይርቅም።

መስታወቱም እንደተባለው «ቁጭ ብሎ መገልበጥ» አይደለም። ማንም ሰው መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ልንገራችሁ፦ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመስታወቱ ላይ የምታዩትን የፊታችሁን ጠርዝ በሳሙና አስምሩ። 22 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ራስ በመስታወቱ ላይ የሚይዘው 11 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ብትቀርቡም ብትርቁም። ምስሉ ከመስታወቱ ጀርባ በእኩል ርቀት ስለሚቆም ነው፤ በ60 ሴንቲ ሜትር የተቀመጠ ሰው የሚያየው በ120 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያለ ፊት ነው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ፊቱን በእውነተኛ ልኩ ይጀምራል፤ ዓይንና አፍንጫ ጨርሶ አገጩ ከሸራው ውጭ ይወድቅበታል።

ሁለተኛው ችግር የራስ መንቀሳቀስ ነው። ከመስታወት ወደ ሸራ፣ ከሸራ ወደ መስታወት በተዞረ ቁጥር ራስ በሌላ ማዕዘን ይመለሳል፤ በጀማሪ ሥዕል አንዱ ዓይን ከሌላው ከፍ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መስታወቱ ላይ የአፍንጫው ጫፍ በሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ፕላስተር መለጠፍና ሁልጊዜ ወደዚያች ነጥብ መመለስ። ሸራው ከመስታወቱ አጠገብ፣ ዓይን ብቻ ዞሮ በሚደርስበት ቦታ ይቁም። ብርሃን ከአንድ መስኮት፣ ከጎንና ከፍ ብሎ ይምጣ፤ የጣሪያው አምፖል ይጥፋ። ሁለት ብርሃን ካለ በአፍንጫው ግራና ቀኝ ሁለት ጥላ ይወድቅና ቅርጹ ይፈርሳል። መስታወት ግራና ቀኝን መገልበጡንም ልብ በሉ፤ ቀኝ እጁ ብሩሽ የያዘ ሰዓሊ በሥዕሉ ግራኝ ይመስላል።

ቀለሙን በተመለከተ «ነጭና ቀይ» ሮዝ ከረሜላ ይሰጣል እንጂ ቆዳ አይሰጥም። ለጥቁር መልክም፣ ለቀይ ዳማም፣ ለጠይምም የሚያገለግሉ አምስት ቀለማት ይበቃሉ፦ ነጭ፣ ቢጫ የአፈር ቀለም፣ ቀይ የአፈር ቀለም፣ አምበርና ትንሽ ጥቁር። የሚለወጠው መጠኑ ነው፤ ጠይም ፊት ላይ ነጭ የሚገባው ግንባርና አፍንጫ ላይ ብርሃን ባረፈበት ብቻ ነው፣ የቀረውን አምበርና ቀይ አፈር ይሸከሙታል። የፒካሶ ዘመን ሰዓሊዎች ነጭ ከእርሳስ ማዕድን ወይም ከዚንክ የሚሠራ ነበር። የእርሳሱ መርዝ ስለሆነ ለልጅ አይሰጥም፤ ዚንኩ ሲያረጅ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ዛሬ ያለው የታይታኒየም ነጭ በዚያ ዘመን አልነበረም፤ ለልጅ የሚገዛው ግን እሱ ነው።

ቅደም ተከተሉ ከጥላ ወደ ብርሃን ነው። መጀመሪያ ጥላው በሙሉ በአንድ ስስ ቡናማ ይሸፈናል፣ ዓይኑም አፍንጫውም ሳይለይ። ቀጥሎ የብርሃኑ ወገን በመካከለኛ ቀለም ይሞላል። በዚህ ጊዜ ሦስት ሜትር ርቆ ፊቱ የማን እንደሆነ ካልታወቀ ወደፊት መሄድ ከንቱ ነው፤ ሽፋሽፍት አያድነውም። ወፍራሙ ብርሃን መጨረሻ ላይ፣ በጥቂት ምት። ከሥር ያለው እጅ በተርፔንታይን የቀጠነ፣ ከላይ የሚመጣው ጠብታ ዘይት የተጨመረበት መሆን አለበት፤ ይህ ከተገለበጠ ያው ስንጥቅ ይመጣል። ይህን ሁሉ በቀለም ከማድረጉ በፊት በከሰል አሥር ጊዜ ያደረገ ልጅ ሸራው ላይ የሚያስበው ስለ ቀለሙ ብቻ ነው። ንድፉን ያልለመደው ግን ቅርጽን፣ ብርሃንን፣ ቀለምንና ዘይትን በአንድ ጊዜ ይጋፈጣል።

በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ቅርጫት ውስጥ አይጣል፤ ሲደርቅ ራሱን በራሱ ያሞቃል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ይከደን።

ቫርኒሹም «ሲያልቅ» አይቀባም። ሥዕሉ ስስ ከሆነ ስድስት ወር፣ ብርሃኑ ወፍራም ከሆነ ዓመት ይጠበቃል። ቀድሞ ከተቀባ ከሥሩ ካለው ለስላሳ ቀለም ጋር ይጣበቅና ወደፊት ቢጫ ሆኖ ማንሣት ሲያስፈልግ ፊቱን ይዞ ይነሣል። እስከዚያ ድረስ ሥዕሉ አቧራ በማይነካው፣ ብርሃን ግን ባለበት ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ጨለማ ውስጥ የደረቀ የተልባ ዘይት ቶሎ ቢጫ ይሆናል።